ከኢትዮጵያ ጎዳና እስከ ቀይ ባሕር፦ የአንድ ቀን ሽርሽርና የአሩስ መንደር ታሪክ

 

ከአገር ቤትም ከአሜሪካም የሚደውሉ ዘመዶቻችን በጋ በመጣ ቁጥር የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ። «ኢየሩሳሌም ባሕር አለ ወይ? ልጆቹን የት ትወስዷቸዋላችሁ?» ይላሉ። ኢየሩሳሌም ተራራ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ባሕር የላትም። ለባሕር ወይ ወደ ቴል አቪቭ መውረድ ነው፣ ወይ ደግሞ ማልዶ ተነሥቶ እስከ ኤላት መንዳት ነው። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ኤላቱ ነው። ሽርሽሩ የአንድ ቀን ቢሆንም፣ የሚወስደን ባሕር ግን ከእኛ ሕዝብ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ስለ ጉዞው። በኢትዮጵያ ጎዳና አካባቢ የምንሰባሰብ ቤተሰቦች አብረን ሽርሽር ለመውጣት ቀን መምረጡ ራሱ ፈተና ነው። እሑድ እዚህ አገር የሥራ ቀን ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ አውቶቡስ የለም። ልጆቹ ትምህርት የሚዘጉት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ነሐሴ ሲገባ ደግሞ የፍልሰታ ጾም ይያዛል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የአይሁድ በዓል የሚውልበትን ሳምንት ጠብቀን፣ መኪና ተከራይተን፣ ዳቦውንና ውኃውን ጭነን ገና ሳይነጋ እንነሣለን። መንገዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከኢየሩሳሌም ተራራ ቁልቁል ወርዶ ሙት ባሕርን በግራ ያደርጋል፤ ከዚያ የዓረባን በረሃ አቋርጦ ኤላት ይደርሳል። በበጋ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ያልፋል። ውኃው ግን የጠራ ነው፤ ከዳር ገባ ብሎ ያለውን ኮራልና በዙሪያው የሚርመሰመሰውን ባለ ቀለም ዓሣ ልጆቹ በመነጽር እያዩ ምሳ እንኳ ይረሳሉ።

ከኤላት ወደ ደቡብ፣ ድንበሩን ተሻግሮ በግብፅ በኩል፣ ከባሕሩ ዳር ትንሽ ራቅ ብላ አንዲት ደሴት አለች። ዐረቦች «ጀዚረት ፈርዖን» ይሏታል፤ አስጎብኚዎች ደግሞ የኮራል ደሴት ይሏታል። በላይዋ የድንጋይ ምሽግ አለ፤ ሰላሐዲን በ1170 ከመስቀል ጦረኞች እጅ የወሰዳት ናት። ሲና በእስራኤል እጅ በነበረበት ከ1967 እስከ 1982 ባለው ጊዜ ከኤላት በቀላሉ የሚደረስባት ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ግን ፓስፖርት ይዞ በጣባ መሻገር ይጠይቃል። ከእኛ መካከል የጉዞ ሰነዱ ያልተስተካከለለት ብዙ ስለሆነ፣ አብዛኛው ሰው ከወዲህ ማዶ ሆኖ ነው የሚያያት።

ነገሩ ወደ ታሪክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 9 ቁጥር 26 ላይ ንጉሥ ሰሎሞን በኤሎት አጠገብ፣ በዔጽዮን ጋብር መርከቦች እንዳሠራ ተጽፏል። ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ 10 የሚከፈተው በንግሥተ ሳባ መምጣት ነው። መርከቦቹና ንግሥቲቱ እንዲህ ተያይዘው መጻፋቸውን ሳስብ ያለ ምክንያት አይመስለኝም፤ ወሬው የደረሳት በንግድ መንገድ ነውና። ዔጽዮን ጋብር ግን የት ነበረች? ኔልሰን ግሉክ የተባለው አርኪኦሎጂስት ዓቃባ አጠገብ ያለ አንድ የፍርስራሽ ኮረብታ ነው አለ፤ ቤኖ ሮተንበርግ ደግሞ ይህቺው ደሴት ናት አለ። ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም።

የአክሱም ዘመን ደግሞ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነው። በናግራን ክርስቲያኖች በተጨፈጨፉ ጊዜ ንጉሥ ካሌብ በ525 ገደማ ባሕር ተሻግሮ ዘመተ። በግሪክ ቋንቋ የተጻፈው የናግራን ሰማዕታት ገድል ለዘመቻው የተሰበሰቡትን መርከቦች ከየት ከየት እንደመጡ አንድ በአንድ ይቆጥራል፤ በጠቅላላው 60 ናቸው። ከእነርሱ 15ቱ ከአይላ የመጡ ናቸው። አይላ ማለት የዛሬዋ ዓቃባ ናት፤ ከኤላት የባሕር ዳር ቆመው ማታ መብራቷን የሚያዩዋት ከተማ። ሌሎች 7 መርከቦች ደግሞ ዮታቤ ከተባለች የቀይ ባሕር ደሴት መጡ ይላል። ልጆቻችን ውኃ የሚራጩበት ባሕረ ሰላጤ ለአክሱም ንጉሥ መርከብ አዋጥቶ ነበር ማለት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት አፄ ካሌብ በመጨረሻ መንግሥቱን ትቶ መነኮሰ፤ ዘውዱንም ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ጌታችን መቃብር ላከ። ግንቦት 20 ቀን እናስበዋለን።

ከዚያ በኋላ ብዙ መቶ ዓመታት ወደ ኢየሩሳሌም የሚሳለሙ አባቶችና እናቶች ግማሾቹ በግብፅ በረሃ፣ ግማሾቹ በቀይ ባሕር ዳርቻ አድርገው መጥተዋል። በመንገድ የቀረው ብዙ ነው። የደረሱት በዴር ሡልጣን ተጠለሉ፤ በኋላም አፄ ዮሐንስ ፬ኛ ያስጀመሩት፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን በ1893 የተፈጸመው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ተሠራላቸው። መንገዱም ስሙን ከእኛ አገኘ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በዚሁ በቀይ ባሕር፣ ከኤላት በጣም ርቆ፣ ከፖርት ሱዳን በስተ ሰሜን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አሩስ የሚባል የመዝናኛ መንደር ነበረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያኖች የሠሩት ነው፤ ባሕሩ ላይ የሚያዩ 15 ያህል ቀይ ጣሪያ ያላቸው ቤቶች ነበሩት። መብራት የለ፣ የሚጠጣ ውኃ የለ፣ ደኅና መንገድ የለ፤ ስለዚህ ወና ሆኖ ቀረ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ የስዊስ ኩባንያ መስሎ መንደሩን ከሱዳን መንግሥት በ320,000 ዶላር ተከራየው። ሰዎቹ ጄኔሬተር አስገቡ፣ ውኃ በመኪና አስመጡ፣ አብሳይና አስተናጋጅ ቀጠሩ፣ ማስታወቂያም በአውሮፓ አሠራጩ። እውነተኛ ቱሪስቶችም መጡ። ቀን ዋና ያስተምራሉ፣ ዓሣ ያስጠብሳሉ፤ አንዳንድ ሌሊት ግን «ለጥቂት ቀን ከተማ ደርሰን እንመጣለን» ብለው ይጠፋሉ። የሱዳን ሠራተኞቹ አሠሪዎቻቸው ማን እንደሆኑ አያውቁም ነበር።

የሚሄዱት በገዳሪፍ አካባቢ ወዳሉት የስደተኛ ካምፖች ነው። እዚያ ከጎንደርና ከትግራይ በእግር የወጡ ቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ነበሩ። በመጀመሪያ ይህን በር ያስከፈተው ከእኛው አንዱ መምህር፣ ፈረደ አክሉም ነው። በ1979 ሱዳን ገብቶ ያለበትን በቴሌግራም አሳወቀ፤ ከሞሳዱ ሰው ከዳኒ ሊሞር ጋር ሆኖ ሌሎችን መፈለግ ጀመረ። ፈረደ በ2009 ኢትዮጵያን ሊጎበኝ ሄዶ እዚያው አርፏል።

ሰዎቹ በሌሊት ከካምፑ ተጠርተው በጭነት መኪና ይጫናሉ፤ ቀን ይደበቃሉ፣ ሌሊት ይጓዛሉ፤ በየኬላው ያለፉት አንዳንዴ በጉቦ፣ አንዳንዴ በድፍረት ነው። ባሕሩ ዳር ሲደርሱ የባሕር ኃይል ኮማንዶዎች በጎማ ጀልባ ይወስዷቸውና ራቅ ብላ በምትጠብቀው መርከብ ላይ ያወጧቸዋል። የመጀመሪያው በኅዳር 1981 ሆነ፤ ከ160 በላይ ሰዎች ባት ጋሊም በተባለችው መርከብ ተሳፈሩ። በእኛ ቋንቋ ጣናም ባሕር ነው፤ ከጎንደር የመጣ ሰው ባሕር ሲባል የሚያስበው ጣናን ነው። ብዙዎቹ ማዶው የማይታይ፣ የሚጮኽ፣ ጨው የሆነ ውኃ ያዩት በዚያች ሌሊት ነበር፤ ያውም በጨለማ፣ ሕፃን ታቅፈው፣ ድምፅ እንዳታሰሙ ተብለው።

በመጋቢት 1982 የሱዳን ወታደሮች ጀልባዎቹን አይተው ተኮሱ። ከሞሳድ ሰዎች አንዱ እየተቆጣ ቀረበና «ቱሪስት ላይ ትተኩሳላችሁ?» ብሎ የሌሊት ዋና እንደሆነ አሳመናቸው። ከዚያ ወዲያ ባሕሩ ስላሰጋ በረሃ ላይ የሚያርፉ የጦር አውሮፕላኖች ሥራውን ተረከቡ። ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በተደረገው የሙሴ ዘመቻ ደግሞ 8,000 ገደማ ሰዎች ከካርቱም በብራስልስ በኩል መጡ። በሚያዝያ 1985 ኒሜሪ ከሥልጣን ሲወርዱ በአሩስ የቀሩት ሰላዮች ከመንጋቱ በፊት መኪናቸውን አስነሥተው ጠፉ። ቱሪስቶቹ ሲነቁ ያገኙት አብሳዩንና አስተናጋጁን ብቻ ነው።

ታሪኩ በ2019 በኔትፍሊክስ ፊልም ሆኖ ወጥቷል። ልጆቹ አይተውታል፤ እኔም አይቻለሁ። ደስ የሚል ፊልም ነው፣ ግን ጀግኖቹ በአብዛኛው ፈረንጆች ናቸው፤ የእኛ ሰዎች መኪና ላይ የሚጫኑና የሚወርዱ ብቻ ይመስላሉ። ለሳምንታት በእግር የሄዱት፣ መንገድ የመሩት፣ በካምፕ ውስጥ ማን የት እንዳለ በሚስጥር የያዙት እነርሱ ናቸው። ደግሞ መዘንጋት የሌለበት ነገር፣ በአሩስ በኩል ያለፈው ከመጣው ሁሉ ጥቂቱ ነው። በመንገድና በሱዳን ካምፖች 4,000 ያህል ሰው በረኃብ፣ በጥምና በበሽታ አልቋል። በእያንዳንዱ ቤተሰብ ማለት ይቻላል በሱዳን የተቀበረ አለ።

ለእነርሱ በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ በ2007 የተመረቀ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ከኢትዮጵያ ጎዳና ወደ ያፎ መንገድ ወርዶ በቀላል ባቡር ይደረሳል፤ ፌርማታው ራሱ ሄርዝል ተራራ ነው የሚባለው። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ቄሶቹ ጥላቸውን ዘርግተው ይጸልያሉ፤ እናቶች በነጭ ነጠላ ሆነው በሱዳን የቀሩባቸውን ልጆች ስም እየጠሩ ያለቅሳሉ። ለማልቀስ የአንድ እምነት ሰው መሆን አያስፈልግምና፣ ከኪዳነ ምሕረት ሰፈርም የምንሄድ አለን።