ልጆች ሥር የሰደደ ሕመምን የሚቋቋሙበት መንገድ ምዘና

ልጆች ሥር የሰደደ ሕመምን የሚቋቋሙበት መንገድ ምዘና ማለት፣ አንድ ልጅ ለረጅም ጊዜ ሲያመው ምን እንደሚያስብ፣ ምን እንደሚያደርግና የዕለት ኑሮው ምን ያህል እንደተነካ በቃለ መጠይቅ፣ በጽሑፍ መጠይቅ፣ በዕለት ማስታወሻና በምልከታ የሚታወቅበት ሥራ ነው። ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችና ፊዚዮቴራፒስቶች ይሠሩበታል። የሕመምን መጠን ከመለካት ይለያል። የመጠን መለኪያ «ምን ያህል ያምማል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ይህ ምዘና «ሲያምም ምን ይደረጋል?» ብሎ ይጠይቃል።

በአማርኛ «ሕመም» የሚለው ቃል በሽታንም የሚያሠቃይ ስሜትንም ይገልጻል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚያመለክተው ስሜቱን ነው።

ትርጉም

ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ባሻሻለው ትርጉም መሠረት፣ ሕመም ከአካል ጉዳት ጋር የተያያዘ ወይም ያንን የሚመስል ደስ የማይል የስሜት ሕዋስና የመንፈስ ልምድ ነው። ማኅበሩ አብሮ እንዳስቀመጠው፣ ሕመም ምንጊዜም የግል ልምድ ነው፤ መናገር አለመቻልም ሕመም አለመኖሩን አያሳይም። ከ3 ወር በላይ የቆየ ወይም እየተመላለሰ የሚመጣ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል። በልጆች ላይ በብዛት የሚታዩት ራስ ምታት፣ የሆድ ሕመም፣ የጀርባ ሕመምና የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም ናቸው።

«መቋቋም» የሚለው ጽንሰ ሐሳብ የመጣው ከጭንቀት ጥናት ነው። አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎክማን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ መቋቋም ሰው ከአቅሙ በላይ መስሎ የሚታየውን ጫና ለመወጣት በሐሳብም በተግባርም የሚያደርገው ተለዋዋጭ ጥረት እንደሆነ አስረድተዋል። በዚህ አተያይ መቋቋም ጥረቱ ራሱ እንጂ ውጤቱ አይደለም። ስለዚህ የሚጠቅምም የሚጎዳም የመቋቋም ዘዴ ሊኖር ይችላል።

አስፈላጊነት

የሕመም መጠን ብቻውን ልጁ እንዴት እየኖረ እንደሆነ አይናገርም። ለምሳሌ ሁለት የ12 ዓመት ልጆች የራስ ምታታቸውን ከ10 ነጥብ 6 ሰጡት እንበል። አንደኛዋ ሲጀምራት ውኃ ትጠጣለች፣ ጥቂት ታርፋለች፣ ከዚያም ወደ ክፍል ትመለሳለች። ሁለተኛው መጋረጃ ዘግቶ ይተኛል፤ «ይህ ነገር አይለቀኝም» እያለ ይብሰለሰላል፤ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ከትምህርት ይቀራል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ የሚያስፈልጋቸው እርዳታ ግን አንድ አይደለም።

ሌላው ምክንያት ዝምታ ነው። የማያለቅስና የማያማርር ልጅ ብዙ ጊዜ «ቻይ» ተብሎ ይመሰገናል። ይሁን እንጂ ዝም ያለ ልጅ ተስፋ ቆርጦ፣ ወላጆቹን ላለማስጨነቅ ብሎ ወይም መርፌ ፈርቶ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ እየተጫወተ ያለ ልጅ አያመውም ማለት አይደለም፤ ጨዋታው ራሱ ሕመሙን የሚረሳበት ዘዴ ሊሆን ይችላል።

የመቋቋም ዘዴዎች

በልጆች ዘንድ የሚታዩት ዘዴዎች በሦስት ሰፊ ክፍሎች ይመደባሉ።

መቅረብ፦ ስለ ሕመሙ መጠየቅ፣ መፍትሔ መፈለግ፣ ለቅርብ ሰው መንገር።

ሐሳብን ማዘናጋት፦ መጫወት፣ መሳል፣ ሌላ ነገር ማሰብ፣ ራስን ማበረታታት።

በስሜት መሸሽ፦ መቆጣት፣ ዕቃ መወርወር፣ መብሰልሰል፣ ክፉ ክፉውን ብቻ ማሰብ።

የሦስተኛው ክፍል ዘዴዎች ከጭንቀት፣ ከድብርትና ከኑሮ መስተጓጎል ጋር ተያይዘው በተደጋጋሚ ታይተዋል። የቀሩት ሁለቱ ግን እንደ ሁኔታው ይመዘናሉ። መፍትሔ መፈለግ በጎ ቢሆንም፣ ምርመራው ተጠናቆ ሳለ ከሐኪም ወደ ሐኪም መመላለስ ልጁን ከሕመሙ ጋር ይበልጥ ሊያስተሳስረው ይችላል።

ዋና ዋና መለኪያዎች

የሕመም መቋቋም መጠይቅ፦ ግራም ሬይድ፣ ቼሪል ጊልበርትና ፓትሪክ ማክግራዝ በካናዳ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ነው። 39 ዐረፍተ ነገሮችና 8 ንዑስ ክፍሎች አሉት፤ እነዚህም ከላይ ወደተጠቀሱት ሦስት ሰፊ ክፍሎች ይጠቃለላሉ። ልጁ እያንዳንዱን ዘዴ ምን ያህል አዘውትሮ እንደሚጠቀም ይመልሳል።

የሕመም ምላሽ መዝገብ፦ አሜሪካዊቷ ሊን ዎከርና የሥራ ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1997 የሚመላለስ የሆድ ሕመም ላለባቸው ልጆች ያዘጋጁት ነው። ምላሾችን ንቁ፣ ተገብሮና ራስን ከሁኔታው ጋር ማስማማት ብሎ ይከፍላል።

ሕመምን የማግነን መለኪያ፦ ማይክል ሱሊቫንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1995 ለአዋቂዎች ካዘጋጁት መለኪያ በመነሣት፣ ቤልጂየማዊው ኺርት ክሮምቤዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ለልጆች ያስማሙት ነው። 13 ጥያቄዎች አሉት፤ ድምሩ ከ0 እስከ 52 ይደርሳል። የሚለካቸው ሦስት ነገሮች መብሰልሰል፣ ማግነንና መፍትሔ የለኝም የሚል ስሜት ናቸው።

የተግባር መስተጓጎል መዝገብ፦ ዎከርና ግሪን እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጡት ሲሆን መቋቋምን በቀጥታ አይለካም፤ ውጤቱን ያሳያል። በ15 ጥያቄዎች ደረጃ መውጣትን፣ ሙሉ ቀን ትምህርት ቤት መዋልን የመሳሰሉ ተግባራት ምን ያህል እንደከበዱ ይጠይቃል። ድምሩ ከ0 እስከ 60 ነው።

ከመጠይቆቹ ጎን ለጎን የሁለት ሳምንት ያህል ማስታወሻ መያዝ ይጠቅማል። በእርሱም ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት፣ ልጁ ያደረገው ነገር፣ እንቅልፉና ከትምህርት የቀረበት ቀን ይመዘገባሉ።

እንደ ዕድሜ የሚደረግ ምዘና

ከ4 ዓመት ጀምሮ ብዙ ልጆች ፊቶች በተሣሉበት መለኪያ የሕመማቸውን መጠን ማመልከት ይችላሉ። ስለ ሐሳባቸውና ስለ ዘዴዎቻቸው የሚጠይቅ የጽሑፍ መጠይቅ ግን ባብዛኛው ለ8 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነው። ከዚህ በታች ላሉት ሥዕል፣ ጨዋታና የወላጅ ገለጻ ይረዳሉ። መናገር ለማይችሉ ልጆች ዋናው መንገድ በሚገባ የሚያውቋቸው ሰዎች የፊት ገጽታን፣ ድምፅን፣ እንቅስቃሴንና የአመጋገብ ለውጥን መከታተላቸው ነው። ጎረምሶችን ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ወላጅ በሌለበት ማነጋገር ያስፈልጋል፤ ስለ ድብርትና ራስን ስለመጉዳት ሐሳብ በዚያን ጊዜ በግልጽ ሊጠየቁ ይገባል።

የወላጆች ሚና

ልጅ ሲያመው ወላጅ የሚያደርገው ነገር የምዘናው አካል ነው። ዎከርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት፣ ልጆች ብዙ ውኃ ጠጥተው ሆዳቸው እንዲነፋ ከተደረገ በኋላ የተወሰኑ ወላጆች ስለ ሕመሙ እንዲያነሡ፣ ሌሎች ደግሞ ልጁን እንዲያዘናጉ ተደረገ። ምንም መመሪያ ካልተሰጣቸው ወላጆች ልጆች ጋር ሲነጻጸር፣ በመጀመሪያው ቡድን የልጆቹ ስሞታ በእጥፍ ገደማ ጨመረ፤ በሁለተኛው በግማሽ ቀነሰ። የሆድ ሕመም ያለባቸው ልጆች ወላጆች ግን ማዘናጋት ልጁን ይጎዳል ብለው ይበልጥ ይሰጉ ነበር። ልጆቹ በበኩላቸው መዘናጋቱ እንደረዳቸው ተናግረዋል። ይህ ማለት ሕመሙን መካድ ይሻላል ማለት አይደለም። ልጁን ማመንና ትኩረቱን ወደ ሌላ ነገር መምራት አብረው ይሄዳሉ።

ቋንቋና ትርጉም

መጠይቆቹ በብዛት የተዘጋጁት በእንግሊዝኛ ነው። ወደ ሌላ ቋንቋ ሲመለሱ መተርጎም፣ በሌላ ተርጓሚ ወደ መነሻው ቋንቋ መልሶ ማመሳከርና በልጆች ላይ መሞከር ያስፈልጋል። በአማርኛ ሦስት ነጥቦች በተለይ ይታሰባሉ።

አንደኛ፣ ልጆች ሕመምን የሚገልጹት ባብዛኛው በግሥ ነው፦ «ራሴን ይፈልጠኛል»፣ «ሆዴን ይቆርጠኛል»፣ «ጎኔን ይወጋኛል»። የቃሉ ምርጫ የሕመሙን ዓይነት ስለሚጠቁም በመጠይቁ መካተት አለበት። ሁለተኛ፣ «ትችለዋለህ?» የሚለው ጥያቄ አሻሚ ነው፤ «መቻል» አቅም ማግኘትም፣ ችሎ ዝም ማለትም ነውና። «እችለዋለሁ» ያለ ልጅ ዘዴ አገኘሁ ማለቱ ይሁን አልናገርም ማለቱ አይለይም። ስለዚህ «ሲያምህ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» ብሎ መጠየቅ ይመረጣል። ሦስተኛ፣ አማርኛ «አንተ»ንና «አንቺ»ን ስለሚለይ፣ የጽሑፍ መጠይቁ በአንደኛ መደብ ቢዘጋጅ ለወንዱም ለሴቷም ያገለግላል።

የውጤቱ አጠቃቀምና ገደብ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው የልጆች ሥር የሰደደ ሕመም መመሪያ፣ እንክብካቤው ልጁንና ቤተሰቡን ማዕከል ያደረገ፣ አካላዊ፣ ሥነ ልቦናዊና ማኅበራዊ ገጽታዎችን ያካተተ እንዲሆን ይመክራል። የመቋቋም ምዘና ለዚህ መነሻ ይሆናል። ክፉውን አብዝቶ የሚያስብ ልጅ ሐሳቡን የሚመረምርበት የሥነ ልቦና ሕክምና፣ እንቅስቃሴን የሚፈራ ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ልምምድ፣ ከትምህርት የራቀ ደግሞ ከመምህራን ጋር የታቀደ አመላለስ ያስፈልገዋል።

ምዘናው የሕክምና ምርመራን አይተካም። ክብደት መቀነስ፣ ትኩሳት፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ወይም የእጅና የእግር መድከም ካለ አስቀድሞ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ከፍተኛ የማግነን ነጥብም ልጁ ያስመስላል ወይም ሕመሙ የሐሳብ ብቻ ነው ለማለት ማስረጃ አይሆንም። የሚያሳየው፣ እውነተኛ ሕመም ያለበት ልጅ በየትኛው በኩል እርዳታ እንደሚያሻው ነው። ዘዴዎች ከዕድሜና ከሁኔታ ጋር ስለሚለዋወጡም ምዘናው በየጊዜው ይደገማል።