ስፒናችና ብርሃን፦ ከወንዝ ዳር እርሻ ወደ መስኮት ሥር

በደቡብ አዲስ አበባ፣ ዛሬ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በሚባለው አካባቢ፣ ትንሹ አቃቂ ወንዝ በመካኒሳና በላፍቶ በኩል ሲያልፍ ግራና ቀኙን የአትክልት እርሻ ይዞ ኖሯል። ሰላጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ቆስጣ ከዚህ ዳርቻ እየተነሡ የከተማዋን ገበያ ሲመግቡ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። የከተማው ሰው «ስፒናች» ብሎ የሚገዛውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ቆስጣ ነው። በዕፅዋት ጥናት ግን ሁለቱ የአንድ ቤተሰብ ዘመዳሞች ይሁኑ እንጂ አንድ አይደሉም፤ ቆስጣ ከቀይ ሥር ጋር የአንድ ዝርያ ልጅ ነው፤ ስሙም ከጣሊያንኛው «ኮስታ» የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ልዩነቱ ለወጥ ቤት ብዙም አያሳስብም፤ ወደ ብርሃን ሲመጣ ግን ዋነኛ ጉዳይ ይሆናል።

ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ ወንዙ የፋብሪካና የመኖሪያ ቤት ፍሳሽ መውረጃ ሆነ። ፍስሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ በአዲስ አበባ እርሻዎች ከበቀሉት አትክልቶች መካከል ጥቅል ጎመን ከሰላጣና ከቆስጣ ያነሰ ብረታ ብረት እንደሚያከማች አሳይተዋል። የበለጠ የሚያሰጋው እንግዲህ የተዘረጋ ቅጠሉ የሚበላው ተክል ነው ማለት ነው። በሌላ በኩል በጀሞና በመካኒሳ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሲቆሙ ጓሮ የሌለው ቤተሰብ በዛ። በበረንዳና በመስኮት ሥር፣ በባልዲና በተቆረጠ ጀሪካን ቅጠል ማብቀል የሚለው ሐሳብ ትርጉም ያገኘውም በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነው። በቤት ውስጥ አፈሩም ውሃውም በአብቃዩ እጅ ነው፤ በቀላሉ የማይታዘዘው ብርሃኑ ነው።

ተክልን በሰው ሠራሽ ብርሃን የማሳደግ ሙከራ ከመቶ ስልሳ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1861 ፈረንሳዊው ኤርቬ ማንጎን የኤሌክትሪክ ብርሃን ቅጠልን አረንጓዴ ሊያደርግ እንደሚችል አሳየ። በ1880 ደግሞ ዊልያም ሲመንስ በእንግሊዝ አገር ተክሎቹን ሌሊት በአርክ መብራት አበራላቸው። ለስፒናች ታሪክ ከሁሉ የሚበልጠው ግን በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ሊበርቲ ሃይድ ቤይሊ በ1891 ያወጣው ዘገባ ነው። ቤይሊ አንዱን የመስተዋት ቤት በተፈጥሮ ብርሃን ብቻ ትቶ፣ በሌላው ውስጥ ሌሊት አርክ መብራት ሰቀለ። መብራት በበራለት ቤት ስፒናቹ የሚበላ ቅጠል ሳይሰጥ የአበባ ግንድ አውጥቶ ወደ ዘር ሄደ። ለመብራቱ እጅግ የቀረቡ ተክሎችም ተጎዱ፤ አምፑሉ በመስተዋት ሲሸፈን ጉዳቱ ቀነሰ። ሌሊቱን ሁሉ ብርሃን የጠገበ ተክል ቅጠል መንፈጉ የዘመኑን ሰው ሳያስገርም አልቀረም።

ምክንያቱ የታወቀው በ1920 ነው። የአሜሪካ የእርሻ ሚኒስቴር ባልደረቦች የነበሩት ጋርነርና አላርድ ትምባሆና አኩሪ አተር ተክለው፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ጨለማ ቤት እያስገቡ፣ በማግስቱ ጠዋት እያወጡ፣ የቀኑን ርዝመት በእጃቸው አሳጠሩ። የአበባውን ጊዜ የሚወስነው የቀኑና የሌሊቱ ርዝመት መሆኑን ያረጋገጡት በዚህ ቀላል ዘዴ ነው። ስፒናች ቀኑ ሲረዝም ከሚያብቡት ወገን ተመደበ፤ አብዛኞቹ ዝርያዎቹ ቀኑ ከ13 እና ከ14 ሰዓት ሲያልፍ ቅጠል ማስፋቱን ትተው ግንድ ያወጣሉ። ቤይሊ የሰቀለው መብራት ለስፒናቹ ክረምቱን በጋ አስመስሎበት ነበር።

ይህን ወደ ንፋስ ስልክ ሲያመጡት ነገሩ ይገለበጣል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ረጅሙ ቀኗ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ፣ አጭሩ 11 ሰዓት ከ35 ደቂቃ ገደማ ነው። በለንደን ልዩነቱ ከ8 ሰዓት እስከ 16 ሰዓት ተኩል ይደርሳል። የሰሜኑ አብቃይ መብራት የሚሰቅለው የጎደለ ሰዓት ለመሙላት ነው፤ እዚህ የጎደለ ሰዓት የለም። በዚያ አገር ለሰላጣ የተጻፈውን «16 ሰዓት አብሩ» የሚል ምክር ለስፒናች እንዳለ መውሰድ፣ ቤይሊ ያየውን ጥፋት ወዶ መድገም ነው። ቆስጣ ግን ለማበብ አስቀድሞ ረዘም ያለ ብርድ ስለሚሻ በዚህ ረገድ ታጋሽ ነው።

በቤት ውስጥ የሚጎድለው የብርሃኑ ኃይል ነው። በጠራ ቀን ከውጭ ወደ 100,000 ሉክስ የሚደርሰው ብርሃን በክፍሉ መካከል ጥቂት መቶ ብቻ ይሆናል፤ ዓይን ግን ራሱን ስለሚያስተካክል ልዩነቱን አይናገርም። ብርሃን ያነሰው ስፒናች አንገቱ ይረዝማል፣ ቅጠሉ ይሳሳል፤ ከአፈር የሳበውን ናይትሬት ወደ ምግብነት መለወጥ ስለሚያቅተውም በቅጠሉ ያከማቸዋል። የአውሮፓ ኅብረት በትኩስ ስፒናች ውስጥ በኪሎ ግራም ከ3,500 ሚሊ ግራም በላይ ናይትሬት እንዳይገኝ የደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም። ከወንዙ መርዝ የሸሸ አብቃይ በጨለማ ጥግ ሌላ ጣጣ እንዳይገጥመው ይህን ማወቅ አለበት።

መብራት መጨመር ይቻላል፤ ዋጋው ግን ይሰላ። ሰማያዊው ኤልኢዲ በ1990ዎቹ ከተሠራ ወዲህ አምፑሉ ቀዝቃዛና ቆጣቢ ሆኗል። እንዲያም ሆኖ በተለመደው የቤት ኤልኢዲ ብቻ ለአንድ ካሬ ሜትር ስፒናች በ12 ሰዓት ውስጥ በቂ ብርሃን ለመስጠት በቀን ከ2 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። (የአገሪቱ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የሚባለው አባ ሳሙኤል የተሠራው በዚሁ በአቃቂ ወንዝ ላይ መሆኑ የሚገርም ግጥምጥሞሽ ነው።) መስኮት ደግሞ በነጻ ይሰጣል።

መስኮትን ግን ማወቅ ያሻል፤ ፀሐይ በአዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ በአንድ በኩል አትሄድምና። ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ እኩለ ቀን ላይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ደመናው አብዛኛውን ብርሃን ይወስደዋል። በታኅሣሥ ወደ ደቡብ አዘንብላ በእኩለ ቀን 58 ዲግሪ ከፍታ ላይ ስለምትሆን፣ ሰማዩም ስለሚጠራ፣ በደቡብ መስኮት ከሌላው ወቅት ይልቅ ወደ ውስጥ ዘልቃ ትገባለች። በጀሞ ፎቅ ላይ የሚዘራ ስፒናች እንግዲህ ዘሩ በጥቅምት መሬት ቢነካና ባልዲው በደቡብ በረንዳ ላይ ቢቀመጥ ይሻለዋል፤ በክረምት ግን ቦታውን ለቆስጣ ቢለቅ አይጎዳም።