ኮላ አልባው ወለል እና የስንጥቋ ሙግት

ዘንድሮ 30 ዓመቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አሎክ የተሰኘ የኖርዌይ ወለል ገበያ ላይ ዋለ። ከጣውላዎቹ ሥር ቀጭን የአልሙኒየም ዝርግ ተያይዟል፤ አንዱን ጣውላ ትንሽ አዘንብሎ ከጎረቤቱ ጠርዝ ጋር አገናኝቶ ወደ ታች ሲጫኑት ቀጭ ብሎ ይቆለፋል። ኮላ አያሻውም፤ ሚስማርም፣ ሞርሳም። አዲስ አበባ ውስጥ አፓርታማ የሚያስጨርስ ሰው ዛሬ «ክሊክ ነው ወይስ የሚለጠፍ?» ብሎ መጠየቅ የቻለው በዚያ ወለል ምክንያት ነው። የወለል ታሪክ መጻፍ ሥራ መፍታት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከአንድ ሚሊሜትር የምታንስ ስንጥቅ ሁለት ባላንጣ ኩባንያዎችን እየጎተተች ዋሽንግተን ድረስ ያደረሰችበት ጉዳይ ስለሆነ ቢጻፍለት አይበዛበትም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻውን ቶሎ እንለፈው። በደቡብ ስዊድን፣ በስኮነ አውራጃ፣ ፐርስቶርፕ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ዊልሄልም ቬንት የተባሉ ሰው በ1881 እዚያ የመሠረቱት ድርጅት በመጀመሪያ ከአካባቢው ደን እንጨት አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም የኮምጣጤውን አሲድ፣ ያወጣ ነበር። ውሎ አድሮ ወደ ፕላስቲክና እኛ ፎርማይካ ወደምንለው ዓይነት የጠረጴዛ ልባስ ተሻገረ። በ1977 ደግሞ ይህ ቢላዋና ትኩስ ድስት የሚችል ልባስ ለምን ጫማስ አይችልም የሚል ሐሳብ መጣና የመጀመሪያው የላሚኔት ወለል ተሠራ። ፔርጎ ተባለ። አውሮፓ ገበያ በ1984፣ አሜሪካ ደግሞ በ1994 ገባ።

ላሚኔት ከላይ ሲያዩት ዋንዛ ወይም ጽድ ቢመስልም የሚታየው የእንጨት ፎቶግራፍ የታተመበት ወረቀት ነው። ሆዱ በሙቀትና በግፊት የተጠቀጠቀ የእንጨት ቃጫ ነው፤ ባለሙያዎች ኤችዲኤፍ ይሉታል። ከወረቀቱ በላይ በሜላሚን የተነከረ ግልጽ ሽፋን አለ፤ ጭረት የሚከላከለውም እዚያ ውስጥ የተበተነው የአልሙኒየም ኦክሳይድ ብናኝ ነው። ይህ ሁሉ በፐርስቶርፕ ተፈታ። ያልተፈታው መጋጠሚያው ነበር።

የድሮው መጋጠሚያ ማንም አናጺ የሚያውቀው ወንዴና ሴቴ ነው። አንዱ ጠርዝ ምላስ ያወጣል፣ ሌላው ቦይ ይዞ ይቀበለዋል። ምላሱ ከፍታውን ያስተካክላል እንጂ ሁለቱ ጣውላዎች እንዳይራራቁ አያደርግም፤ ያን የሚያደርገው ኮላ ነበር። ሠራተኛው ቦዩን በነጩ የእንጨት ኮላ ይሞላል፣ ጣውላውን በመዶሻ እያስጠጋ ያስገባል፣ ተርፎ የወጣውን ኮላ ሳይደርቅ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋል፣ ከዚያ ረድፎቹን በጠፍር ወጥሮ ያሳድራቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ረድፎች ትንሽ ከተጣመሙ ክፍሉ ሁሉ ይጣመማል፤ ኮላው ከያዘ በኋላ ደግሞ ማረሚያው መጋዝ ብቻ ነው። ኮላው ውሃ አዘል መሆኑ ሌላ ጣጣ ነው፤ ኤችዲኤፍ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል።

ታዲያ ለምን ከሥር ካለው ሊሾ ጋር አይለጠፍም? የእንጨት ቃጫ እንደ አየሩ እርጥበት ስለሚሰፋና ስለሚጠብ ነው። ላሚኔት ከሥሩ ነጻ ሆኖ፣ እንደ አንድ ትልቅ ምንጣፍ በጠቅላላው መንቀሳቀስ አለበት። በግድግዳው ዙሪያ 8 ወይም 10 ሚሊሜትር ያህል ባዶ ቦታ ተትቶ በዞኮሎ የሚሸፈነው ለዚሁ ነው። ሥሩ ካልተያዘ ጣውላ ከጣውላ ጋር አጥብቆ መያያዝ ይኖርበታል። የጥያቄው ክብደት ሁሉ ያረፈው እዚያ ጠርዝ ላይ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ሰውዬ እንምጣ። ዳርኮ ፐርቫን በፐርስቶርፕ የላሚኔት ሥራ ውስጥ ያለፉ ሰው ናቸው። ከዚያ ወጥተው በ1993 ቬሊንገ የተባለውን ድርጅት መሠረቱ፤ መቀመጫው እዚያው ስኮነ ውስጥ፣ ቪከን በምትባል የባሕር ዳርቻ መንደር ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ የፓተንት ማመልከቻ ገባ፤ በፈጣሪነት የሰፈረው ስም ቶኒ ፐርቫን ይላል። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ከአንደኛው ጣውላ ጠርዝ ሥር የአልሙኒየም ዝርግ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ ወደ ላይ የቀና ትንሽ ጥርስ አለ። የጎረቤቱ ጣውላ ሆድ ላይ ደግሞ ለዚያ ጥርስ ልክ የሆነ ቦይ ተቆፍሯል። አዘንብለው አስገብተው ሲያጋድሙት ጥርሱ ቦዩ ውስጥ ይወድቃል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ጎን ቢጎትቱት አይለቅም።

ቀላል ይመስላል። ችግሩ ጣውላ አራት ጎን ያለው መሆኑ ላይ ነው። ረጅሙን ጎን ከቆለፉ በኋላ አጭሩን ጎን ለመግጠም ጣውላውን በረጅሙ ጎን ላይ እያንሸራተቱ ወደ ጎረቤቱ ማስጠጋት አለብዎት። ተቆልፎ የጠበቀ ነገር እንዴት ይንሸራተታል? የፐርቫን ሰዎች መልስ በጥርሱና በቦዩ ግድግዳ መካከል ሆን ተብሎ የምትተው ስንጥቅ ነበረች። በዓይን የማትታይ፣ የአንድ ሚሊሜትር ክፍልፋይ የሆነች ላላ ያለች ቦታ። በእሷ ምክንያት የተቆለፈው ጣውላ በእጅ ግፊት ይንሸራተታል፣ ሲፈለግም ተመልሶ ይነቀላል። ጥሩ መሐንዲስ የሚኮራባት ዓይነት ብልሃት ናት። ወረቀቱ ላይም ተጻፈች፤ የኋላ ኋላ ያስከፈለችውን ብናይ ባትጻፍ ይሻል ነበር ያሰኛል።

ማመልከቻው በ1994 መጨረሻ ማንም ሊያነበው በሚችል መልኩ ታተመ። አሎክ በቬሊንገ ፈቃድ ተሠርቶ በ1996 ወጣ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ከቤልጅየም ሌላ ማመልከቻ ገባ። ባለቤቱ ዩኒሊን የተባለ፣ በምዕራብ ፍላንደርስ ቪልስቤከ ከተማ ያለ ኩባንያ ነው። የዚህ ኩባንያ አመጣጥ ለእኛ አገር ገበሬ እንግዳ አይሆንበትም፤ መነሻው ተልባ ነው። እኛ ተልባን የምንዘራው ለፍሬው ሲሆን በዚያ፣ ላየ በሚባለው ወንዝ ዳርቻ ግን ለቃጫው ነው የሚዘራው። ቃጫው ለበፍታ ሲወጣ የሚተርፈው እንጨታማ ገለባ ብዙ ነው፤ በ1960 የተልባ ሥራ ሰዎች ተሰባስበው ያንን ገለባ እየጨመቁ ቺፕውድ የመሰለ ሰሌዳ መሥራት ጀመሩ። ከሰሌዳ ወደ ወለል የተሄደው መንገድ ረጅም አልነበረም። በ1997 ኩዊክ ስቴፕ በተባለው ወለላቸው ላይ ዩኒክሊክ የሚሉት መቆለፊያ ገበያ ላይ ዋለ።

ቤልጅጎቹ አልሙኒየሙን ጣሉት። ምላሱንም፣ ቦዩንም፣ ጥርሱንም በቀጥታ ከኤችዲኤፉ ላይ ፈልፍለው አወጡ። የቦዩ የታችኛው ከንፈር ከላይኛው ረዘም ይላል፤ ጣውላው ሲገባ ትንሽ ወደ ታች ይለጠጥና ተመልሶ ለመነሣት ይታገላል። ያ ትግል ሁለቱን ጣውላዎች ሁልጊዜ እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ላላ ያለ ቦታ የለም። ለማንሸራተት የሚያስፈልገውን ደግሞ በሌላ መንገድ አገኙት፤ ጣውላው ተጋድሞ እንዳለ ወደ ጎን በቀላሉ ሲመቱትም ይገባል።

እንግዲህ ኮላ አልባውን ወለል ማን ፈጠረው? ብዙ ጽሑፎች ሁለቱ ኩባንያዎች ጎን ለጎን፣ በየፊናቸው ደረሱበት ብለው ያልፉታል። ለሁለቱም የሚመች አነጋገር ነው። ሆኖም የቤልጅጉ ማመልከቻ ራሱ የስዊድኑን ቀዳሚ ሰነድ ጠቅሶ፣ ያችን ስንጥቅ እንደ ጉድለት ቆጥሮ፣ የራሱን ፈጠራ የእሷ መፍትሔ አድርጎ ነው የሚያቀርበው። የፊተኛውን ጉድለት የሚያርም ሰው ፊተኛ ሊባል ይከብዳል። በእርግጥ እየተገጣጠሙ የሚነሡ የወለል ጣውላዎች ከሁለቱም በፊት በፓተንት መዝገብ ውስጥ ነበሩ፤ በ1984 አሜሪካ ውስጥ የተመዘገበ አንድ አለ። ያም ቢሆን ላሚኔትን ከኮላ ማን አላቀቀው ለተባለ፣ ቀኑም ወረቀቱም ወደ ቪከን ያመለክታል። ዩኒሊን የሠራው ደግሞ ሌላ ትልቅ ነገር ነው፤ አልሙኒየም ሳይገዛ ማንኛውም ባለ ማሽን ፋብሪካ በርካሽ ሊያመርተው የሚችል አደረገው።

ሕግ ግን ማን ቀደመ ብሎ ብቻ አይጠይቅም። በ2000 መጨረሻ የአሎክ ኩባንያ፣ ቬሊንገና አጋራቸው ዋሽንግተን ለሚገኘው የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን አቤት አሉ። ይህ ኮሚሽን የፓተንት መብት የሚጥስ ዕቃ ጉምሩክ ላይ እንዲቆም የማዘዝ ሥልጣን አለው። ከተከሳሾቹ መካከል ዩኒሊን ነበር። ፔርጎም ነበር፤ ፐርቫን ላሚኔትን የተማሩበት ቤት ማለት ነው።

ጉዳዩ ሄዶ ሄዶ ስንጥቋ ላይ አረፈ። ተከሳሾቹ «የእነሱ ፈጠራ ጥርሱና ቦዩ መካከል ላላ ያለ ቦታ ያለበት ነው፤ የእኛ መጋጠሚያ ተወጥሮ የሚጣበቅ ስለሆነ ያ ቦታ የለውም፤ ስለዚህ የእነሱ አይደለም» የሚል ክርክር አቀረቡ። ከሳሾቹ በበኩላቸው ክፍተቷ በአንዳንዶቹ የፓተንት አንቀጾች ውስጥ በግልጽ አልተጻፈችም ቢሉም፣ መግለጫው ከላይ እስከ ታች እሷን እያሞገሰ መጻፉ ጎዳቸው። ኮሚሽኑ በ2002 መብት አልተጣሰም አለ። የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በመስከረም 2003 ውሳኔውን አጸና፤ ከሦስቱ ዳኞች አንዱ በከፊል ተለይተዋል። የአሜሪካ የፓተንት ጠበቆች ይህን ፍርድ እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል፤ ፈጠራህን ስትገልጽ ያወደስካት ነገር አጥር ሆና ታስቀርሃለች ለማለት።

ሚዛኑ ከዚያ ወዲያ ወደ ቪልስቤከ አጋደለ። በ2005 ዩኒሊን በተራው ያው ኮሚሽን ዘንድ ከሳሽ ሆኖ ቀረበ። ከተከሳሾቹ ብዙዎቹ የቻይና ፋብሪካዎች ነበሩ። በጥር 2007 የወጣው ትእዛዝ የተከሰሱትን ብቻ ሳይሆን ማንኛውም ፈቃድ የሌለው ተመሳሳይ ወለል ወደ አሜሪካ እንዳይገባ የሚያግድ አጠቃላይ እገዳ ነበር። ከዚያ በኋላ ወለል ለአሜሪካ የሚልክ ፋብሪካ ቀድሞ ማሰብ የነበረበት የፈቃድ ክፍያውን ነው።

የቀሩት ዓመታት የፈቃድ ውልና የክስ ክምር ናቸው፤ አንባቢን አላሰለችም። የስዊድኑ የእንጨት ወለል ሠሪ ሸርስ ዉድሎክ በተባለ መቆለፊያ ኮላ አልባነትን ወደ እውነተኛ እንጨት አመጣው። ቬሊንገ ደግሞ አጭሩን ጎን ከላይ ወደ ታች በመጫን ብቻ የሚቆልፍ፣ ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ ያለበት ዘዴ አወጣና በእሱም ብዙ ፈቃድ ሸጠ።

ገንዘቡ የት እንደሄደ መናገር ይቀላል። የአሜሪካው ሞሃውክ በ2005 ዩኒሊንን በ2.1 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ ገዛ። በ2013 ደግሞ ይኸው ሞሃውክ ፔርጎን 150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ ጠቀለለ። ላሚኔትን የፈጠረው የስዊድን ስም ዛሬ የቀድሞው የገበያ ባላንጣው የዩኒሊን ባለቤት እጅ ነው።

ፓተንት በአብዛኛው አገር ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ 20 ዓመት ነው የሚኖረው። የፐርቫን የመጀመሪያውም የዩኒክሊክ መሠረታዊውም በ2010ዎቹ ዕድሜያቸው አበቃ። በእኛ አገር ሕግ መሠረቱ 15 ዓመት ሲሆን ፈጠራው እዚሁ ሥራ ላይ ከዋለ 5 ይጨመርለታል፤ በዚያም ስሌት ቢሆን ጊዜው አልፏል። ዛሬ ለአዲስ አበባ ቤቶች የሚመጣው ላሚኔትም ሆነ ኤስፒሲ የሚባለው፣ ከኖራ ድንጋይ ዱቄትና ከፕላስቲክ የሚሠራው ወለል፣ ጠርዙ በአብዛኛው ከእነዚህ ሁለት ቤቶች ብልሃት የተቀዳ ነው። ስለዚህ ሻጩ «የጀርመን ሎክ ነው» ብሎ ዋጋ ሲሰቅል ስሙን ትተው ጠርዙን ይዩ። ሊሾውንም ይዩ። በ2 ሜትር ርዝመት ውስጥ ከ2 ወይም ከ3 ሚሊሜትር በላይ ከፍና ዝቅ ካለ፣ በተራመዱ ቁጥር ጣውላው እየተለጠጠ ያ ቀጭን ከንፈር ይሰበራል፤ የተሰበረ ከንፈር ደግሞ አይጠገንም፣ ጣውላው ይቀየራል። የ2 ሜትር ቀጥ ያለ አልሙኒየም ሊሾው ላይ አጋድሞ ከሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ ለማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ይህን ካርቶኑ ሳይከፈት ያድርጉት።