ስም ያልተጻፈላቸው

ወገኖቼ፣ ዛሬ የማወጋችሁ ናይሮቢ ስላለ አንድ አሮጌ ሆቴል ነውና ተደላድላችሁ ስሙኝ። ስሙን ግን አልጠራም።

የወንድሜ ልጅ እዚያው ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር የሚኖር ነጋዴ ነው። ሠርጉን ሲደግስ «ጋሼና እትዬማ በእኔ ጠባብ ቤት ፍራሽ ላይ አይተኙም» አለና እንግሊዞች በዘመናቸው ከሠሯቸው ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ ክፍል ያዘልን። እኛም ከሞያሌ በመኪና ተነሣን፤ የዲዳ ገልገሉን ጥቁር የድንጋይ ሜዳ አቋረጥን፣ ከዚያም የማርሳቢት ተራራ ጉም ውስጥ ገባን፣ ከዚያም ኢሲዮሎን አልፈን ናንዩኪ ላይ የምድር ወገብን ተሻገርን፤ ባለቤቴም በየመንገዱ ዳቦ ቆሎዋን እየዘገነች ለሾፌሩ ታቀምሰው ነበር። ናይሮቢ ስንገባ የሐምሌ ብርድና ካፊያ ተቀበለን።

ናይሮቢን የወለዳት ባቡር ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1896 ከሞምባሳ ሐዲድ መዘርጋት ጀመሩ፤ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኛ ከሕንድ በመርከብ አመጡ፤ ከዚያም ጻቮ የሚባል ቦታ ላይ አንበሳ ሰው በላ፣ በሽታውም ስንቱን ጨረሰ፣ 2,500 ያህሉም ሕንዳውያን በዚያው ቀሩ። ሐዲዱ በ1899 ዛሬ ናይሮቢ ያለችበት ረግረጋማ ሜዳ ሲደርስ ድንኳን ተተከለ፣ ድንኳኑም ከተማ ሆነ፣ ከዚያም ሰፋሪውና አዳኙ መጡ፤ ለእነሱም ባለ ሰፊ በረንዳ ሆቴሎች ተሠሩ።

የእኛም ሆቴል በረንዳው ሰፊ ነው። ክፍሉ አልተዘጋጀም ተብለን እዚያ በረንዳ ላይ እስኪመሽ ተቀመጥን። ስንገባ አልጋው መሐሉ ጎድጉዷል፣ ቁም ሣጥኑ እርጥበት ይሸታል፤ ቧንቧውን ብከፍተው አጉረመረመና ዝገት የመሰለ ውኃ ተፋ፣ ከዚያም ጭራሹን ነጠፈ። እንግዳ ተቀባዩን ብንጠይቀው «ሕንፃው ታሪካዊ ስለሆነ ቧንቧውን እንደልብ መቀየር አይቻልም» አለን። የወንድሜ ልጅ የከፈለውን ገንዘብ ሳስብ አንጀቴ ተቃጠለ።

ሌሊት አንድ ሽማግሌ አስተናጋጅ ሙቅ ውኃ በባልዲ ይዞ መጣ። ባልዲውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ፣ ፎጣውን በሁለት እጁ ለባለቤቴ አቀበላት፣ ጎንበስ ብሎም ይቅርታ ጠየቀ። ወግ ስንጀምር አባቱም እዚሁ ወጥ ቤት ሲሠራ እንዳረጀ ነገረኝ።

ኮሪደሩ ሙሉ ፎቶ ነው። አዳኙ የዝሆን ሬሳ ላይ እግሩን ጭኖ፣ ወይዘሮዎቹ ባርኔጣቸውን ደፍተው ሻይ ሲጠጡ፤ ከሥር ስማቸው ተጽፏል። ከኋላቸው ጓዝ የተሸከሙ፣ ትሪ የያዙ ጥቁር ሰዎች ቆመዋል፤ የአንዳቸውም ስም የለም። «አባትህ የቱ ጋ ነው?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና «የሉም» አለኝ።

ይኼ የስም መቅረት ቀላል ነገር አይደለም። በዚያች ከተማ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1922 ለአፍሪካውያን መብት የሚሟገተው ሃሪ ቱኩ የታሰረ ጊዜ ሕዝቡ «ፍቱልን» ብሎ ፖሊስ ጣቢያውን ሲከብ፣ ሙቶኒ ኛንጂሩ የምትባል ሴት ወንዶቹን አደፋፈረች፣ ከዚያም ጥይት ተተኮሰ፣ እሷም ወደቀች፤ በመንግሥት ቆጠራ እንኳ ከ20 በላይ ሰው ሞተ። በአቅራቢያው ባለ ሆቴል በረንዳ ላይ የነበሩ ሰፋሪዎችም ተኩሰዋል ይባላል። እነዚያ በረንዳዎች ሻይ ብቻ አይደለም ያዩት።

ወገኖቼ፣ ውኃው ቢጠፋ በባልዲ ይተካል። ታሪክ እየሸጠ የሚኖር ቤት ግን ታሪኩን ሙሉውን መናገር አለበት። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ካሣ ብሎ እራት ሊጋብዘን ሲል ግብዣውን ትቼ ይህንኑ ነገርኩት፤ እሱም ማስታወሻው ላይ ጻፈው። የወጥ ቤቱ ሰዎች ልጆች ዛሬም እዚያው ይሠራሉ፤ የአባቶቻቸውን ስም ጠይቆ ከፎቶው ሥር መጻፍ ቧንቧ ከመቀየር ይቀላል። ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ተጽፎ እንደሆነ እዩልኝ።