አንድ ሺ ብር፦ ከአንድ ጠበቃ ማስታወሻ

የዓመቱ መጽሐፍ አዘጋጆች «ከተመረቅክ ሠላሳ ዓመት ሞላህ፤ ስለ ጥብቅና ሥራችን ታሪክ አንድ ነገር ጻፍልን» ሲሉኝ ወደ አእምሮዬ የመጣው የምረቃችን ቀን አይደለም፤ የስድስት ኪሎ ግቢም አይደለም። የመጡልኝ አንዲት እናት ናቸው።

ነገሩ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። የእኚህ እናት ልጅ መንገድ ሲሻገር የጭነት መኪና ገጭቶት ሞተ። ክሱን እኔ ያዝኩ፤ ረታንም። ዳኛው ፍርዱን አነበቡ፦ ለቀብር ወጪ ይህን ያህል፣ ሟች ይረዳቸው ስለነበር ለቀለብ ይህን ያህል፣ ለሞራል ጉዳት አንድ ሺ ብር። ከችሎት ስንወጣ ደስ ይላቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ደረጃው ላይ ቆም አሉና «ልጄ፣ ይቺ ሺ ብር ለምኑ ናት?» አሉኝ። «ለሐዘንዎ ናት፣ እማማ» አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ትንሽ ዝም ካሉ በኋላ «ማን ነው የተመናት?» ብለው ጠየቁኝ።

ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። ሕጉ ነው ብዬ አለፍኩ። ይህ ጽሑፍ የዘገየው መልሴ ነው።

የእኛ ሥራ፣ በተለይ እንደኔ በሥራ ክርክር፣ በንግድና በአካል ጉዳት ጉዳይ ላይ የቆመ ጠበቃ ሥራ፣ ከሞላ ጎደል የተወለደው በአንድ ቀን ነው። በ1946 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕግ አርቃቂ ኮሚሽን ለዓመታት ከደከመ በኋላ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎቹ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በድል በዓል ዕለት፣ በነጋሪት ጋዜጣ ታወጁ። ሥራ ላይ የዋሉት በአዲሱ ዓመት መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው። የፍትሐ ብሔሩን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ 3367 አንቀጾች አሉት። የንግዱን የጀመሩት ዣን ኤስካራ ነበሩ፤ እሳቸው ሥራው ሳያልቅ ስላረፉ አልፍሬድ ዦፍሬ ጨረሱት፤ 1177 አንቀጽ ሆነ።

ሕጉ መጣ፤ የሚያነበው ሰው ግን ገና አልነበረም። የሕግ ፋኩልቲያችን በ1956 ዓ.ም. የተከፈተው ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። የኢትዮጵያ ሕግ መጽሔትም ያኔ መታተም ጀመረ። ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት የተማርን ሁላችን የፖላንዱን ተወላጅ የፕሮፌሰር ጆርጅ ክሼቹኖቪችን መጽሐፍ በፎቶ ኮፒ ሳናገላብጥ አላለፍንም። እኔ የያዝኩት ኮፒ ከኮፒ የተነሣ ስለነበር ግማሹን ገጽ በግምት ነበር የማነበው። የዛሬዎቹ መምህራን ይህን ሲያነቡ ፈገግ እንደሚሉ አውቃለሁ።

እንግዲህ ሦስቱ የሥራ መስኮቼ ከዚያ ወዲህ የሄዱበትን መንገድ ልናገር።

የንግድ ሕጉ ብዙም ሳይቆይ እንቅልፍ ወሰደው። በ1967 ዓ.ም. ባንኮቹ፣ የመድን ድርጅቶቹና ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ሲወረሱ የአክሲዮን ማኅበር ጉዳይ የሚያማክር ጠበቃ ምን ይሠራል? ሕጉ አልተሻረም፤ መደርደሪያ ላይ ቁጭ አለ። እኛ ስንመረቅ አቧራውን አራግፎ የነቃበት ዘመን ነበር። ከዚያ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የኩባንያውን ክፍል ጨምሮ ተከለሰ፤ ዛሬ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ይችላል። እኛ ስንማር ይህን በፈተና ላይ የጻፈ ተማሪ ይወድቅ ነበር።

የሥራ ሕጉ ደግሞ መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ተለውጧል። ፋኩልቲያችን በተከፈተበት በዚያው በ1956 ዓ.ም. አዋጅ 210 ወጣ። ደርግ በ1968 አዋጅ 64ን አወጣ። ከዚያ 42/1985፣ 377/1996፣ አሁን ደግሞ 1156/2011። እያንዳንዱ የየዘመኑን መልክ ይዟል። አንድ ነገር ግን በኋለኞቹ አዋጆች ጸንቷል፦ ሠራተኛ በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ ጉዳቱ ዘላቂና ሙሉ ከሆነ ደግሞ በአሠሪው የሚከፈለው ካሣ የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው።

የሥራ ክርክር ችሎት ለጠበቃ ትሕትና ያስተምራል። አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ከሥራ ተባርሮ ወደ ቢሮዬ የመጣው በአራተኛው ወር ነበር። አለቃው «ነገ ና» እያለ አመላልሶታል። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ሰነዱን ደጋግሜ አገላበጥኩ፣ ቀኑን ቆጠርኩ፣ አልሞላልኝም። የቀረለትን ክፍያ አስከበርኩለት፤ ሥራውን ግን አላስመለስኩለትም። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው ቢሮዬ ገብቶ ሲቀመጥ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ሆንክ?» ብዬ አይደለም፤ «መቼ?» ብዬ ነው።

ሦስተኛው መስክ የአካል ጉዳትና የሞት ካሣ ነው። እዚህ ነው ታሪኩ የሚቆመው። የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ የአደጋው ምክንያት ባይታወቅ እንኳ፣ ኃላፊ የሚሆንበት አንቀጽ 2081 ዛሬም የምንጠቅሰው ነው። ከ65 ዓመት በፊት የተጻፈ ቢሆንም እንደ አዲስ ይሠራል። የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ የሆነው ግን ገና በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 559 ነው፤ በ2005 በአዋጅ 799 ተተካ። ከዚያ በፊት ስንቱ ተጎጂ በወረቀት ፈርዶለት፣ የመኪናው ባለቤት ባዶ እጁን ቀርቦ፣ ፍርዱን አጣጥፎ ኪሱ ከትቶ ወደ ቤቱ እንደተመለሰ የዚያ ዘመን ጠበቆች እናውቃለን።

አሁን ወደ እናትየው ጥያቄ ልመለስ። አንቀጽ 2113 በአካል ጉዳት ወይም በሞት ጊዜ ፍርድ ቤቱ ለተጎጂው ወይም ለቤተሰቡ የሞራል ካሣ መቁረጥ ይችላል ይላል። አንቀጽ 2116 ንዑስ አንቀጽ 3 ግን ካሣው ከአንድ ሺ የኢትዮጵያ ብር አይበልጥም ብሎ ይዘጋዋል። ተመኑ ይኸው ነው። ሕጉ ሲታወጅ አንድ የአሜሪካ ዶላር ሁለት ብር ተኩል ገደማ ነበርና፣ ሺ ብር ማለት 400 ዶላር አካባቢ ነው። ለሐዘን ዋጋ ባይሆንም «ጥፋቱ ታውቆልሻል» ለማለት የሚበቃ ክብደት ነበረው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ግን ያው ሺ ብር ከ10 ዶላር በታች ወረደ። ቁጥሩ አልተነካም፤ ያለቀው ውስጡ ነው።

ሦስቱን መስኮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው የገባኝ ይህ ነው። የሥራ ሕጉ ካሣውን በደመወዝ እጥፍ ስለጻፈው ደመወዝ ሲያድግ አብሮ ያድጋል። የንግድ ሕጉ ባለጉዳዮቹ ድምፅ አላቸውና ተከለሰ። ከፍትሐ ብሔሩም የቤተሰቡ ክፍል በ1992 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ ተተክቷል። በመንገድ ዳር ልጃቸው የሞተባቸው ሰዎች ግን ማኅበር የላቸውም፣ ምክር ቤት የላቸውም፣ ሕይወታቸው አንድ ጊዜ ከፍርድ ቤት ጋር ይገናኝና ያበቃል። ስለዚህ የእነሱ ቁጥር ማንም ሳይነካው ቀረ።

እኛ ጠበቆች በዚህ መሐል መላ ፈልገናል። የሞራሉ በር ሲጠብ በቁሳዊ ጉዳት በኩል እንገባለን፤ ሟች ይረዳቸው እንደነበር በምስክር እናስረዳለን፤ ልኩ በትክክል በማይታወቅበት ጊዜ ዳኛው በርትዕ እንዲወስን አንቀጽ 2102ን እንጠቅሳለን። አንዳንድ ዳኞች ይሰማሉ፣ አንዳንዶቹ አይሰሙም። ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ የሰበር ሰሚው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ስለሚያስገድድ አንድ ጥሩ ክርክር ለብዙ ሺ ሰው ሊተርፍ ይችላል። ቢሆንም ሕግ አውጪው በቁጥር የጻፈውን ጣሪያ ዳኛ በትርጉም አይሰብረውም። መላችን መላ ነው፤ መፍትሔ አይደለም።

ይህን የምጽፈው ለማን እንደሆነ አውቃለሁ። አብረውኝ ከተመረቁት ውስጥ ዛሬ ዳኛ የሆነ አለ፣ ረቂቅ ሕግ የሚያዘጋጅ አለ፣ የመድን ኩባንያ የሚያማክር አለ፣ በፋኩልቲው የሚያስተምር አለ። ከመምህራኑ የምለምነው፦ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ለጠፋው ተማሪ ይቺን አንቀጽ ስጡት፤ ከችሎት መዝገቦች ውስጥ ስንት እናት ሺ ብር ይዛ እንደሄደች ይቁጠርልን። ከረቂቅ አዘጋጆቹ የምለምነው፦ በሚቀጥለው ማሻሻያ ቁጥሩን ወደ አሥር ሺም ወደ መቶ ሺም አትለውጡት፤ እሱም ያረጃል። እንደ ሥራ ሕጉ ከሚያድግ ነገር ጋር እሰሩት። ከጠበቆቹ ደግሞ፦ በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ አገልግሎት እንድንሰጥ ደንቡ በዓመት 50 ሰዓት ጥሎብን ነበር፤ ከዚያች ላይ ጥቂቷን ለዚህ ጉዳይ እናውላት።

እኚያ እናት ያን ጊዜ ሺ ብሩን ተቀበሉ። ለተዝካሩ እንደሚያውሏት ነግረውኝ፣ መርቀውኝ ሄዱ። «ማን ነው የተመናት?» ላሉኝ ዛሬ ብመልስላቸው «በ1952 ዓ.ም. ሕግ አውጪዎች ተመኗት» እላቸው ነበር። «ከዚያ ወዲህስ?» ብለው ቢጠይቁኝ ግን ጣቴን ወደ ሌላ ሰው መቀሰር የምችል አይመስለኝም። በዘንድሮው ግብዣ ላይ ስንገናኝ፣ ከምሳ በኋላ፣ ይህን ለመነጋገር ግማሽ ሰዓት የሚሰጠኝ ሰው ካለ ወንበር ይዤለት እጠብቃለሁ።