በንግግር የተሠራ ዓለም፤ የብላክሙር ጨዋታ አመጣጥና ማስታወሻዎቹ

የታሪክ ተማሪ ምስክር አድርጎ የሚያቀርበው ብዙውን ጊዜ የንጉሥ ደብዳቤ፥ የፍርድ ቤት መዝገብ ወይም የድንጋይ ጽሕፈት ነው። እኛ በዚህ አጭር ጥናት የምንመረምረው ግን ጥቂት ወጣቶች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በንግግር የፈጠሩትን አገርና ከዚያ የተረፈውን ወረቀት ነው። ነገሩ የልጅ ጨዋታ ቢመስልም፥ ብዙዎች በአንድነት የሠሩት ሥራ የማን ነው? የሚለውን ከባድ ጥያቄ ያስነሣል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የጨዋታው ሥር ከጦር ትምህርት የመጣ ነው። በ1824 ዓ.ም. ፎን ራይስቪትዝ የተባለ የፕሩስያ መኮንን፥ መኮንኖች በካርታ ላይ ጦርነትን የሚለማመዱበት ዳኛ ያለው ጨዋታ አሳተመ። ከብዙ ዘመን በኋላ በ1969 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ዴቪድ ዌስሊ «ብራውንሽታይን» የተባለ ጨዋታ አዘጋጀ። ዘመኑ የናፖሌዎን፥ ቦታውም በሐሳብ የተፈጠረ የጀርመን ከተማ ነበረ። ተጫዋቹ ሠራዊት በማዘዝ ፈንታ የአንድ ሰው ሚና ተሰጠው፤ አንዱ የከተማው ሹም፥ ሌላው የተማሪዎች መሪ ሆነ። ተጫዋቾቹ ተራቸውን ሳይጠብቁ በየማዕዘኑ እየሄዱ ስለ ተመካከሩ ዌስሊ ጨዋታው የተበላሸ መሰለው፤ እነርሱ ግን ይደገምልን አሉ።

ከተጫዋቾቹ አንዱ ዴቭ አርንሰን በ1971 ዓ.ም. ገደማ ብላክሙር የተባለ አገር አቋቋመ። በጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ ግንብ አቆመ፤ ከግንቡም ሥር ያለውን ዋሻ በወረቀት ነደፈ። ዳኛው ቦታውን ይነግራቸዋል፤ ተጫዋቾቹም የሚያደርጉትን ይመልሳሉ፤ የሆነውም ሁሉ ለሚቀጥለው ጨዋታ የአገሩ ታሪክ ይሆናል። በ1972 ዓ.ም. አርንሰን ወደ ዊስኮንሲን ሄዶ ጨዋታውን ለጋሪ ጋይጋክስ አሳየው። ጋይጋክስም ግሬይሆክ የተባለውን የራሱን ዓለም ጀመረ፤ ልጆቹም ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾች ውስጥ ነበሩ። በ1974 ዓ.ም. የሁለቱን ስም የያዘው «ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ» ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት ሆኖ በካርቶን ሣጥን 1,000 ቅጂ ታተመ።

ክርክሩ የመጣው ገንዘብ ሲመጣ ነው። በኋላ በወጡት የተሻሻሉ መጻሕፍት ድርሻዬ ቀረብኝ በማለት አርንሰን በ1979 ዓ.ም. ክስ አቀረበ፤ ነገሩም በ1981 ዓ.ም. በስምምነት አለቀ። ሁለቱ ቢያንስ የሚከራከሩበት ስም በመጽሐፉ ላይ ነበራቸው። በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠው አገሩን በቃላቸው ያቀኑት ሌሎችስ?

ከእነርሱ የተረፈው ጥቂት ምልክት ነው። አርንሰን በ1977 ዓ.ም. የብላክሙርን ማስታወሻዎች ስላሳተመ የተጫዋቾቹ ሥራ ከነካርታው በከፊል ተጠበቀ። በጨዋታው መጻሕፍት ከተጻፉት አስማቶች አንዳንዶቹም የተጫዋቾችን ትዝታ ይዘዋል። «ቴንሰር» የጋይጋክስ ልጅ የኧርነስት ስም በላቲን ፊደል ተገለባብጦ ሲጻፍ ነው፤ «ድራውሚጅ»ም ጂም ዋርድ የሚለው ስም ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ ነው። በ2012 ዓ.ም. ጆን ፒተርሰን የዚህን ጨዋታ ሰፊ ታሪክ ለመጻፍ የቻለው፥ ተጫዋቾች የተላላኳቸውን ደብዳቤዎችና የማኅበሮቻቸውን ትንንሽ ጋዜጦች የጠበቁ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው።

እነዚህ ወረቀቶች መጫወቻ እንጂ ሰነድ አይደሉም የሚል ቢኖር አንስማማም። ይሁን እንጂ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ካርታውን የሚነድፈውና የሚያስቀምጠው አብዛኛውን ጊዜ ዳኛው ስለ ሆነ፥ ሰነዱ ለእርሱ ያደላል፤ በዚያ ሌሊት ታሪኩን የለወጠው የተጫዋቹ ቃል በወረቀቱ ላይ አይገኝም። ስለዚህ ብዕር የያዘውን ብቻ ፈጣሪ ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። እኛም ከዚህ ታሪክ የምንማረው፥ ማስታወሻ መጠበቅ ትዝታን ማቆየት ብቻ ሳይሆን ለባለ ድርሻው ፍርድ መስጠትም መሆኑን ነው። በጋራ ሥራ ወረቀት ላይ ቀኑንና በዚያ የነበሩትን ሁሉ ስም መጻፍ የአንድ ደቂቃ ድካም ነው፤ ያ ሳይጻፍ ከቀረ ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚመረምር ሰው ሊያገኘው አይችልም።