ሸንት የተገጠመለት ሕፃን ሲታመም የአንጎል ምስል ምን ይናገራል?

አንጎል ውስጥ ካሉ ክፍተቶች ሌት ተቀን የሚመነጭ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ። ይህ ፈሳሽ አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን ከዞረ በኋላ ወደ ደም ይመለሳል። መንገዱ ሲዘጋ ወይም ወደ ደም መመለሱ ሲስተጓጎል ግን ተጠራቅሞ ክፍተቶቹን ይለጥጣል፤ የጨቅላውም ጭንቅላት ከልክ በላይ ያድጋል። ሕመሙ ሃይድሮሴፋለስ ይባላል። ከሕክምናዎቹ አንዱ ሸንት የተባለውን ቀጭን ቱቦ መግጠም ነው። ቱቦው ከአንጎል ተነሥቶ በቆዳ ሥር በአንገትና በደረት በኩል ወደ ሆድ ዕቃ ይወርዳል፤ ትርፉንም ፈሳሽ እዚያ ያፈስሳል።

ቱቦ ግን ይደፈናል፣ ይበጠሳል፣ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ልጁ ሲያድግም ሊያጥር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ በሆነና 344 ሕፃናትን ባሳተፈ ጥናት፣ ከ10 ቱቦዎች 4 ያህሉ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ተበላሽተዋል። ስለዚህ ብልሽት የወላጅ ጥፋት ወይም የቀዶ ሐኪም ስንፍና ምልክት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።

ምልክቶቹ ከሌላ በሽታ ጋር ይመሳሰላሉ፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ ያልተለመደ እንቅልፍና መነጫነጭ በቆላማ አካባቢ ወባ፣ በሌላው ደግሞ የሆድ ሕመም ሊመስሉ ይችላሉ። በጨቅላዎች ላይ እርግብግቢቱ ይወጠራል፤ ዓይኖችም ወደ ታች ያዘነብላሉ። ትኩሳት ካለ ወይም ቱቦው ያለፈበት ቆዳ ከቀላ ኢንፌክሽን ይጠረጠራል። ሸንት ያለው ልጅ እንዲህ ሲሆን ለጤና ባለሙያው በመጀመሪያ ሊነገረው የሚገባው ቱቦው መኖሩ ነው። ልጁ ለመንቃት ካስቸገረ ወይም ከተንቀጠቀጠ የነገን ቀን መጠበቅ አይገባም።

ሆስፒታል ሲደርስ በአብዛኛው የሚታዘዘው ሲቲ ስካን ነው። ምርመራው ፈጣን ነው፤ የክፍተቶቹን ስፋትና የቱቦውን ጫፍ ያሳያል። ጨረር ስለሚጠቀም ግን ገና በማደግ ላይ ላለ ልጅ ያለ በቂ ምክንያት አይደጋገምም፤ መጠኑም ለሕፃን ተብሎ ይቀነሳል። ኤም.አር.አይ. ጨረር የለውም። በደቂቃዎች የሚያበቃው አጭሩ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ማስተኛ መድኃኒት አይፈልግም፤ ይሁን እንጂ መሣሪያው በየቦታው አይገኝም። አንዳንድ የሚስተካከሉ ቫልቮችም በማግኔቱ ኃይል ልካቸው ሊዛባ ስለሚችል ከምርመራው በኋላ መታየት አለባቸው። እርግብግቢቱ ላልተዘጋ ጨቅላ አልትራሳውንድ ያገለግላል። ከራስ እስከ ሆድ የሚነሣ ራጅ ደግሞ የተበጠሰ ወይም የተላቀቀ ቱቦን ይለያል፤ መደፈንን ግን አያሳይም።

ብዙዎችን የሚያሳስተው «ምስሉ ደኅና ነው» የሚለው ቃል ነው። በአንዳንድ ልጆች፣ በተለይ ለዓመታት ሸንት በነበራቸው፣ ቱቦው ተዘግቶና ግፊቱ ጨምሮም ክፍተቶቹ ላይሰፉ ይችላሉ። በሌሎች ዘንድ ደግሞ ክፍተቶቹ ቱቦው በደንብ እየሠራም ሰፊ እንደሆኑ ይቀራሉ። ስለዚህ አንድ ምስል ብቻውን አይፈርድም፤ ልጁ እየባሰበት ከሄደ ምስሉ ምንም ቢል የአንጎል ቀዶ ሐኪም ዳግም ሊያየው ይገባል።

ሐኪሙ በእርግጠኝነት እንዲናገር የሚረዳው አዲሱን ምስል ከቀድሞው ጋር ማነጻጸር ነው። ከገጠር ወደ ከተማ፣ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው በሚላክ ልጅ ላይ ግን የቀድሞው ምስል ብዙ ጊዜ ቤት ይቀራል ወይም ይጠፋል። ፊልሙ ወይም ሲዲው፣ የቀዶ ሕክምናው ወረቀትና የቫልቩ ዓይነት በአንድ ፌስታል ተጠቅልለው ከእርጥበትና ከጭስ ርቀው ቢቀመጡ መልካም ነው። ከሁሉም ይበልጥ የሚፈለገው ልጁ ከቀዶ ሕክምናው አገግሞ ጤነኛ ሳለ የተነሣው ምስል ነው፤ በሌሊት ወደ ሆስፒታል ሲኬድም አብሮ ሊያዝ ይገባል።